ትከሻህን የማያስፈራ ጠመንጃ

የእህቴ ልጅ፣ ባለፈው ደውለህ «ጋሼ፣ ኢላማ መለማመጃ ጠመንጃ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» ስትለኝ ዝም ያልኩት መስመሩ ተቆርጦ አይደለም። እዚህ ጎንደር ጠመንጃ የሚለው ቃል ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ኢላማ ሳይሆን የቀበርናቸው ልጆች ናቸው። አንተ ግን ያለኸው ዴንቨር ነው። ሕጉ የሚፈቅደው፣ ቦታ ተከልሎ የተዘጋጀለት፣ ተቆጣጣሪ የቆመበት ነገር ነው የጠየቅኸኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩት።

አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት የግራ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚል ግራ» የሚለው ስም በእኛ ሰው አፍ ሲዞር ውጅግራ ሆነ። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። አባቴ ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጣሊያኖች ምሽግ የነበረው ቁልቋል በር ሲወድቅ ያገኙት የጣሊያን ጠመንጃ ነበራቸው፤ የሱ ጥይት ቀጠን ያለ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ በ12 ዓመቴ ዳባት ላይ መተኮስ የጀመርኩት በትልቁ ነው። ልጅ ስለነበርኩ ትልቁን መረጥኩ፤ አባቴም እንድማርበት ብለው ተዉኝ መሰለኝ።

ከማሳው ጫፍ፣ ገደል ሥር፣ ስልሳ እርምጃ ላይ የደረቀ ቅል አቆሙልኝ። የተሰጠኝ ጥይት ሦስት ነው። የመጀመሪያውን ስተኩስ ውጅግራው እንደ በቅሎ ረገጠኝ፤ ትከሻዬ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ከረመ። ቅሉ እንደ ቆመ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከቅሉ በላይ አልፎ ገደሉን መታ። ሦስተኛውን አባቴ ራሳቸው አጉርሰው ሰጡኝ። አነጣጠርኩ፣ ቃታውን ሳብኩ፣ «ቀጭ» አለ። ያጎረሱልኝ ባዶ ቀለህ ኖሯል። ጠመንጃው ሳይተኩስ ግን ትከሻዬ ወደ ፊት ዘሎ፣ ዓይኔ ተጨፍኖ፣ አፈሙዙ መሬት መሬቱን እያየ ነበር። «ጥይት የለበትም፤ ታዲያ ትከሻህ ምን ሆኖ ዘለለ?» አሉኝ። ያ ፍርሃት ከትከሻዬ እስኪለቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አንተን የምመክርህ ነገር ሁሉ ከዚያች ባዶ ቀለህ የተነሣ ነው። በመጀመሪያው ጠመንጃህ ፍርሃት አትማር። ፍርሃት አንዴ ትከሻ ላይ ከገባ ውድ መሣሪያ አያወጣውም።

እናንተ አገር «ትዌንቲ ቱ» የሚሉትን ግዛ። ውፍረቱ 5.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለመደው እርሳሱ 2.6 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። አይራገጥም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፣ በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚተኮሰውም ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ ጥይቱ ርካሽ ነው። ሰው ጠመንጃ ሲገዛ የጠመንጃውን ዋጋ ብቻ ያያል፤ ገንዘቡን የሚበላው ግን ጥይቱ ነው። እኔ በሦስት ጥይት ነው የተማርኩት፤ አንተ በአንድ ቅዳሜ ሃምሳ ብትተኩስ ኪስህን አይጎዳውም። ለትልቁ ጠመንጃ የምታወጣውን ልዩነት ለጥይት አድርገው።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በል። የዚህ ጥይት አቀጣጣይ ያለው መሐል ላይ ሳይሆን በቀለሁ ከንፈር ዙሪያ ነው። የእኛ ሰዎች የውጅግራውን ቀለህ ለቅመው፣ ባሩድና እርሳስ ሞልተው መልሰው ይተኩሱበት ነበር። ይሄኛው ለዚያ አይሆንም፤ አንዴ ከተኮስከው ወዳቂ ነው። ሌላም አለ፦ መምቻው የሚያርፈው ከንፈሩ ላይ ስለሆነ፣ ብዙዎቹን፣ በተለይ የቆዩትን፣ ባዶውን ቃታ እየሳብክ ብትለማመድበት ብረቱ ብረቱን እየመታ ይበላሻል። የተተኮሰ ቀለህ አስገባበት፤ ወይም ለልምምድ የተሠራውን የላስቲክ ጥይት ግዛ።

አሠራሩን በተመለከተ በእጅ እየተጎተተ የሚያቀባብለውን ምረጥ። በራሱ እያቀባበለ የሚተኩሰው፣ እንደ ሩገር 10/22 ያለው፣ ጥሩ ጠመንጃ ነው፤ ለጀማሪ ግን ጥይት ያስረጫል። አንዱን ስተህ ለምን እንደሳትክ ሳታስብ ሌላው ይሄዳል። በእጅ የምትጎትተው ከሆነ በሁለቱ ጥይት መካከል ትንፋሽ አለ፤ የምትማረው እዚያች ትንፋሽ ላይ ነው። ሳቬጅ ማርክ 2 እና ሩገር አሜሪካን ሪምፋየር በዋጋም ቀለል ያሉ፣ በሥራም የማያሳፍሩ ናቸው። የቼኮቹ ሲዜድ 457 ከነሱ ይወደዳል፤ አቅም ካለህ ለልጅ ልጅህ የሚተርፍ ነው።

አሮጌ ለመግዛት አትፈር። ግን እንደ በሬ ገዢ ጥርስ እያየህ ግዛ። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። መዝጊያውን አውጣና የአውራ ጣትህን ጥፍር ከኋላ በኩል ደግነህ በአፈሙዙ በኩል ተመልከት። ጥፍርህ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ይመልስልሃል። ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ጠመዝማዛ መስመሩ ጥርት ያለ ከሆነ ደግ ነው፤ ጥላ የመሰለ ቀለበት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካየህ ተወው። ከዚያ የአፈሙዙን ጠርዝ በጣትህ ዳስሰው። እርሳሱ በመጨረሻ የሚለቀው ያንን ጠርዝ ነው፤ ከተሸረፈ ጥይቱን ያጣምመዋል። ሰደፉን ደግሞ በክንድህ መታጠፊያ ላይ አሳርፈውና ጣትህ ቃታውን በምቾት ይደርሰው እንደሆነ እይ። ረጅም ሰደፍ ለአጭር ሰው የሰው ጫማ ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ ስታደርግ ካጣደፈህ ተሰናብተኸው ውጣ።

መነጽር ለጊዜው አትግዛ፤ በባዶ ዓይን በብረቱ ማነጣጠሪያ ጀምር። ከሦስት አራት ዓይነት ጥይት አንዳንድ ፓኮ ገዝተህ እያንዳንዱን ሞክር። ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃ እንኳ የሚወዱት ጥይት ይለያያል። 25 ሜትር ላይ፣ ተደግፈህ፣ አምስት አምስት ተኩስ። መሐሉን ስለመምታት አትጨነቅ፤ አምስቱ አንድ ቦታ ተሰብስበው መግባታቸውን ብቻ እይ። ተሰብስበው ግራ ከገቡ ማነጣጠሪያው ይስተካከላል። ከተበተኑ መስተካከል ያለብህ አንተ ነህ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጥና ሳይወድቅ ቃታ መሳብ ተለማመድ። ጥይቶቹ ሌላ ክፍል ይቆለፉ። እኔ የተፈወስኩት በዚህ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ አሥር ሳንቲም ስለቅም ከርሜ።

ይህም ቢበዛብህ የአየር ጠመንጃ አለ። 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ10 ሜትር ይተኮሳል። በውድድሩ ላይ የመሐሏ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ እሷን የሚመታ ሰው ጨዋታ ላይ አይደለም።

ትንሽ ነው ስልህ ታዲያ እንዳትዘነጋ። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር መጥቶ ከራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ከገብረ መስቀል ጋር ስለ ጠመንጃ ተጣልቶ ነበር። የሞራ ሻማ ቁራጭ አጉርሼ ብተኩስ ከአንተ ጥይት ይበልጣል ብሎ ተወራረደ። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ፊት ሻማውን ተኮሰና ሦስት ጋሻ አሳለፈው፤ ቀጥሎም የሾላ ጠረጴዛ በሳበት። መጽሐፉ ላይ ራሱ ጽፎታል። ጋሻ የበሳው ሞራ ነው እንግዲህ። የትዌንቲ ቱህ እርሳስ ከኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ሰው ይጎዳል። ከኢላማህ ኋላ ያለውን ሳታውቅ ቃታ አትንካ፤ ወደ ሰማይማ በጭራሽ። ሠፈራችን ውስጥ በሠርግ ቀን ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ወርዶ ደጃፏ ላይ ቡና ስትቆላ የነበረች ጎረቤታችንን ትከሻዋን መታት። ምጣዱ ተገልብጦ፣ ቡናው ደም ላይ ተበትኖ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ለደስታ የሚተኮስ ተኩስ ስሰማ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ነፍስ ባለው ነገር ላይም አትለማመድ። እኛ ልጆች ሳለን ስሜን ላይ ጠመንጃ የሚሞክሩት በዋልያ ነበር፤ ዋልያ ደግሞ ከስሜን ሌላ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ቅልና ወረቀት ይበቃሃል።

ጆሮህን ሸፍን። እኔ ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ቀኝ ትከሻ ላይ ሲደገፍ ለአፈሙዙ የሚቀርበው ግራው ነው፣ ያኔ የነገረን አልነበረም። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርግ። ጥይቱ እርሳስ ስለሆነ ልጆችህን ከማቀፍህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ። ጠመንጃውን ቆልፈህ አስቀምጥ፤ ቁልፉ የት እንዳለ ልጆችህ አይወቁ። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ የመኖሪያ ወረቀትህ የሚፈቅድልህ መሆኑን ጠይቅ፤ እዚያ አገር ሁሉም የውጭ ዜጋ እኩል አይፈቀድለትም። ወደዚህ ይዘኸው ለመምጣት ግን አታስብ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል፤ እኔም በዚህ ጊዜ ደጄ ላይ ተጨማሪ ጠመንጃ ማየት አልፈልግም።

ገዝተህ ስትጨርስ የጠመንጃውን ፎቶ አትላክልኝ። አምስት ቀዳዳ ያለባትን የመጀመሪያዋን ወረቀት ላክልኝ፤ ቀኑን ከጥጓ ላይ ጻፍባት። እናትህ በፋሲካ ስትመጣ አብረን እናያታለን።