ማን ይስማን?

ዛሬ ብዙዎቻችን ጭንቀታችንን በስልካችን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እንነግራለን። ነገሩ ሥር አለው። ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለው የአሜሪካ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 «ኤሊዛ» የተባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም አስተዋወቀ። ኤሊዛ የተነገረውን ቃል ወደ ጥያቄ ለውጦ ከመመለስ በቀር የሚያስተውለው አልነበረም። ይሁንና የምሁሩ ጸሐፊ ለብቻዋ ልታወራው ፈልጋ እርሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው።

የዛሬው እጅግ ይበልጣል፤ በእኩለ ሌሊት ይመልሳል፣ አይሰለችም፣ አይቆጣም። ታዲያ ምን ይጎድለዋል? ኢዮብ በተፈተነ ጊዜ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። የበደሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ኮምፒዩተር ይናገራል እንጂ አብሮን አይቀመጥም፤ ብንጠፋም ደጃችንን አያንኳኳም።

ነገር ግን ራሳችንንም እንመርምር። ወንድማችን ወደ ስልኩ የሸሸው ምሥጢሩን ስላወራንበት እንዳይሆን! የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ባለበት በገፈርሳ እየኖርን «አማኑኤል ይግባ» እያልን የሆስፒታሉን ስም መሳለቂያ ያደረግን እኛው አይደለንምን? ለሕመም ሐኪም፣ ለኃጢአት የንስሐ አባት አለ። ከእኛ የሚፈለገው ጆሮና የታመነ አንደበት ነው። ይህን ከነፈግን ኮምፒዩተሩን ለመንቀፍ አፍ የለንም።

እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።