ፍተሻው ለማን ነው?

ሆቴል ገብቶ ቁልፍ የተቀበለ ሰው የገዛው ምንድን ነው? አልጋና ሻወር ብቻ? ለእኔ ዋናው ነገር በሩ ነው። ዘግቶት ሲያበቃ «እባክዎ አይረብሹኝ» የምትለዋን ካርቶን እጀታው ላይ ማንጠልጠል መቻሉ። ይህቺ ካርቶን ታዲያ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ ላስ ቬጋስ፣ ጉልበቷን ካጣች ሰነባብታለች።

ምክንያቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2017 አንድ ሰው ከማንዳሌይ ቤይ ሆቴል 32ኛ ፎቅ ሆኖ ሜዳ ላይ ሙዚቃ ሊያዳምጥ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። ቆይተው በቁስላቸው ያረፉት ሁለቱ ሲጨመሩ የሟቾቹ ቁጥር 60 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ነው ትልልቆቹ ሆቴሎች ደንብ ወደ ማውጣት የገቡት። የሲዛርስ ኩባንያ በ2018 መጀመሪያ ላይ፣ እንግዳው ወደደም ጠላ፣ በላስ ቬጋስ ሆቴሎቹ በየ24 ሰዓቱ ሠራተኛ ክፍሉን እንዲያይ ወሰነ።

መልካም። ግን ሰውዬው እኮ ሳይታይ የሰነበተ ሰው አልነበረም! የገባው ሴፕቴምበር 25 ነው። ከ20 በላይ ሻንጣ ቀስ በቀስ አስገብቷል፤ አንዳንዱንማ በሠራተኞች ሊፍት ያወጡለት የሆቴሉ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ባለቤቱ ኤምጂኤም በኋላ እንደገለጸው፣ ሠራተኞቹ በእነዚያ ቀናት ከ10 ጊዜ በላይ ወይ ክፍሉ ገብተዋል ወይ ከሰውዬው ጋር ተገናኝተዋል። ጠመንጃው ሻንጣ ውስጥ ነበራ! ሆቴል ውስጥ ሻንጣ አይቶ የሚደነግጥ ደግሞ የለም።

እንግዲህ በየ24 ሰዓቱ ብቅ ብሎ የሚወጣው ሠራተኛ ምን ሊያይ ነው? ሻንጣውንም ይክፈት ካልን ሌላ ጉድ መጣ። በእኛ አገር ባላገሩ የመሸበትን የእግዚአብሔር እንግዳ ሲያስገባ ስልቻህን ፍታ አይለውም፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገባው እንግዳ ከዚያ ሊያንስ ነው?

«ታዲያ ደጁ ላይ ይፈተሽ» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች በር ላይ የምናውቀው ነው፤ መኪናው በታች በመስተዋት ይታያል፣ ቦርሳው በማሽን ያልፋል። እኔም ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ በግልጽና ለሁሉም እኩል ነው። ቢሆንም የጃካርታውን ማሪዮት ልብ በሉልኝ። በ2003 መኪና ላይ የተጠመደ ቦምብ 12 ሰው ገደለበት፤ ከዚያ በኋላ ጥበቃው ጠበቀ። በ2009 አጥፊው እንደ ማንኛውም እንግዳ ተመዝግቦ 18ኛ ፎቅ ላይ ክፍል ይዞ ተቀመጠ። ፈንጂውን ያስገባለት ማን ሆነና? እዚያው ሆቴል አበባ የሚያሰናዳ ሰው!

ክፍል ገብቶ ማየት ጭራሽ አይጠቅምም አልልም። ታሞ የወደቀ፣ ያለ ፈቃዷ የተዘጋባት ሴት፣ በራሱ ላይ ሊጨክን የተዘጋጀ ሰው ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ከሆነ ለእንግዳው በግልጽ ይነገረው። እኔን የሚያጠራጥረኝ ሌላ ነው። ኤምጂኤም ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ለተጎጂዎች እስከ 800 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል። ከእንዲህ ያለ ሒሳብ በኋላ «ገብተን አይተን ነበር» የምትል መዝገብ ዋጋ አላት፤ ለሆቴሉ ጠበቃ ማለቴ ነው።

ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ሌሎች ናቸው። በኦገስት 2018 ሲዛርስ ፓላስ ለኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች ስብሰባ ካረፉት መካከል፣ ብቻቸውን ባሉበት ወንዶች በራቸውን አንኳኩተው እንገባለን እንዳሏቸው በምሬት የተናገሩ ሴቶች ነበሩ። «ሴኩሪቲ ነኝ» ላለ ሁሉ በር መክፈት ያስለመድናት ሴት፣ ውሸተኛው ሲመጣ በምን ትለየው?

ከበሩ ወዲያ ማዶ ደግሞ የምታንኳኳዋ አለች። ቺካጎ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበሩ በ2016 ከጠየቃቸው ክፍል አጽጂዎች 58 በመቶዎቹ በእንግዶች ወሲባዊ ትንኮሳ ደርሶብናል ብለዋል። የከተማው ምክር ቤት፣ ከላስ ቬጋሱ እልቂት 10 ቀን በኋላ፣ ብቻቸውን ለሚሠሩት የአደጋ መጥሪያ ቁልፍ እንዲታደል ደነገገ። በላስ ቬጋስ ሆቴሎች ብዙ ያገራችን ልጆች ይሠራሉ። ጋሪዋን እየገፋች የምትሄደዋን ልጅ አሁን አልጋ ከማንጠፍ ሌላ ገዳይ ፈልጊ ብለናታል። ብታገኘው ምን እንድታደርግ ነው? በሩ ውስጥ ያለው ሰው ጠመንጃ ይዞ፣ እሷ የያዘችው ፎጣ ነው።