ጐቲክ ስለሚባለው ቃል

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ነገር ግን ጠላት ያወጣው ስምም አለ፤ በኤውሮፓ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ታላላቆች የሚጠሩበት ጐቲክ የሚለው ቃል ከዚህ ወገን ነው። እንዲህ ያለውን ስም፥ ስድቡ ወደ ምስጋና ከተለወጠ በኋላ፥ ሳይመረምሩ መጥራት በደል ነውን?

ጆርጆ ቫሳሪ የሚባል ኢጣልያዊ ሠዓሊ በ1550 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጫፉ የሾለ ቅስት ያላቸውን ሕንጻዎች ሥርዐት የሌላቸው ናቸው ብሎ ነቀፈ፤ አሠራሩንም ያመጡት ጐቶች ናቸው አለ። ጐቶች በ410 ዓ.ም. ሮምን የዘረፉ ሕዝብ ስለ ሆኑ፥ በኢጣልያ ሊቃውንት ዘንድ ስማቸው ከአረመኔ ስም የሚለይ አልነበረም።

ነገሩ ሲመረመር ግን፥ አሠራሩ የተዠመረው ሮም ከተዘረፈች ከ700 ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር ነው። አበ ምኔቱ ሱዠር በፓሪስ አጠገብ ያለውን የቅዱስ ዲዮናስዮስን ቤተ ክርስቲያን መቅደስ አሳንጾ በ1144 ዓ.ም. አስባረከ። ሥርዐት የለውም የተባለውም ሁሉ በሥርዐት የተሠራ ነው። የሾለው ቅስት ከክቡ ይልቅ ሸክሙን ወደ ታች ይመራል፤ ወደ ውጭ የሚገፋውን ኀይል ደግሞ በውጭ የቆሙት የድንጋይ ድጋፎች ይቀበሉታል። ግድግዳው ሸክሙ ስለ ቀለለለት ሳሳ፤ በቦታውም ባለቀለም መስተዋት ገባ፥ ከመስተዋቱም ጋራ ብርሃን። ቫሳሪ ራሱ ሐናጺ ነበርና ይህን ማየት አያቅተውም ነበር። የጋረደው ቃሉ ነው እላለሁ።

ለጐቶችም አልተፈረደላቸውም። ኤጲስ ቆጶሳቸው ዉልፊላ፥ በሃይማኖቱ የአርዮስ ወገን ቢሆንም፥ በ4ኛው መቶ ዓመት ፊደል አበጅቶ መጽሐፍ ቅዱስን በቋንቋቸው ተረጐመላቸው። በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈው ወንጌላቸው ዛሬ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ይገኛል። ወንጌልን እንዲህ ያከበረ ሕዝብ ስሙ የመሃይምነት መስደቢያ ሆኖ ኖረ።

ስድቡን ወደ ምስጋና ከለወጡት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ ነው። ቃሉን በክፉ ትርጕሙ ለምዶ ስለ ነበረ፥ የስትራስቡርግን ካቴድራል ሊያይ ሲሄድ የተዘበራረቀ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ ባየው ጊዜ ግን እጅግ ተደነቀ። በ1772 ዓ.ም. ስለዚሁ ሲጽፍም፥ ይህ የጀርመን ሕንጻ ጥበብ ነው አለ። የፈረንሳዮቹ ሐናጾች ስም በነቃፊው መጽሐፍ እንዳልተነሣ፥ በአመስጋኙም ሳይነሣ ቀረ።