ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት፤ ቤት ሸጦ ሰፈር ስለ መለወጥ የቀረበ ሐተታ

አባቶቻችን ኑሮን አይተው፣ ዘመንን መዝነው ካቆዩልን ምሳሌያዊ ንግግሮች መካከል «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል» የሚለውን ያህል በሠርግም በልቅሶም፣ በክርስትናም በሽምግልናም የሚነገር ብዙ አይደለም፤ ይሁን እንጂ አዘውትሮ የተነገረ ቃል ሁሉ አዘውትሮ የተመረመረ አይደለምና፣ ይልቁንም ሰው የኖረበትን ቤት ሸጦ ወደማያውቀው ሰፈር በሚሻገርበት ወራት ይህ ቃል በየትኛው በኩል እንደሚጸና፣ በየትኛውም በኩል እንደሚላላ መርምሮ ማየት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እንደ መጻሕፍት መምህራን ልማድ «አንድም» እያልን ብንፈታው፣ ፊተኛው ትርጓሜ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ ሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት፣ እሳት ለተነሣበት ቤት፣ ደጃፉ ላይ ድንገት ለወደቀ ሽማግሌ ፈጥኖ የሚደርስለት ጩኸቱን የሰማው የአጥር አዋሳኝ እንጂ የሦስት ቀን መንገድ ተጉዞ የሚመጣው ወንድም አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌም በ27ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ሐሳብ ስለሚያጸና፣ ቃሉ ከሀገር ልማድ የፈለቀም ቢሆን ከመጽሐፍ የራቀ አይደለም። አንድም ብለን ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ግን ጥያቄው ይበረታል፤ ምሳሌው «የቅርብ» ያለው በክንድ የሚለካውን ቅርበት ነውን፣ ወይስ በብዙ ዘመን መተሳሰብ የተገኘውን? ሁለቱ አንድ ሆነው በሚኖሩበት ሀገረ ሰብ ይህን መለየት አያስፈልግም ነበር፤ ቤት የሚሸጥና የሚገዛ የከተማ ሰው ግን ሳይለይ ሊያልፈው አይችልም።

በአዲስ አበባ ቤት ለሽያጭ ማዘጋጀት ምን ማለት እንደ ሆነ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ግድግዳው ተለስኖ ይቀባል፣ የዛገው ቆርቆሮ ይለወጣል፣ የተሰነጠቀው ሊሾ ይደፈናል፣ ግቢው ይመነጠራል፤ በወረቀቱ በኩል ደግሞ ካርታው ከተቀመጠበት ሣጥን ይወጣል፣ የዓመቱ ግብር ይከፈላል፣ የውሃውና የመብራቱ ዕዳ ይጣራል፤ ሻጮቹ ባልና ሚስት እንደ ሆኑም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፣ ሁለቱም ውልና ማስረጃ ቀርበው ይፈርማሉ። ቀብድ የተቀባበሉም እንደ ሆነ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱን እንዲያጣ፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ስለሚያዝዝ፣ ነገሩ በዋዛ የሚታይ አይደለም። ይህ ሁሉ ዝግጅት መልካም ነው፤ አስፈላጊም ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የጐረቤት ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም። ሕገ መንግሥቱ በ40ኛው አንቀጽ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ስለ ደነገገ፣ በውሉ ላይ የሚጻፈው በመሬቱ ላይ ያረፈው ቤት ነው፤ ከአጥሩ ባሻገር ስለሚኖረው ሰው ውሉ የሚለው ነገር የለም።

ምሳሌውን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም በቤት ሽያጭ ጊዜ ሥልጣኑ ሁሉ በሩቅ ዘመድ እጅ፣ ዕውቀቱ ሁሉ ግን በቅርብ ጐረቤት ዘንድ ሆኖ ይገኛል። ጉለሌ ውስጥ አንድ አባወራ ዐርፈው ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ በተስማሙ ጊዜ፣ አንዱ ልጅ ከአሜሪካ፣ አንዷም ከጅዳ ውክልና ልከው፣ ለቀለሙና ለቆርቆሮው የሚሆነውን ገንዘብም አዋጥተው፣ እዚህ የቀረው ታናሽ ወንድማቸው ሥራውን ሁሉ እንዲፈጽም አደረጉ። እነዚህን ልጆች ዘመድነታቸውን ረሱ ብሎ የሚወቅሳቸው ሰው ቢኖር ሐሰት ይናገራል፤ አባታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስታመመው ገንዘብ የመጣው ከእነርሱ ነበርና። የቤቱ ውሃ መስመር በየት በኩል ከመሬት በታች እንደሚያልፍ፣ የወሰኑ ድንጋይ የትኛው እንደ ሆነ፣ ከግድግዳዎቹም መካከል በክረምት የሚረጥበው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቁት ግን የሟቹ ጐረቤት የነበሩት እናት ብቻ ነበሩ።

ገዢው ጠንቃቃ ሰው ነበረና ደላላውን ከግቢ ትቶ ወደ እኒህ እናት ደጃፍ ሄደ። «እማማ፣ ይህ ቤት እንዴት ያለ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ቤቱስ ደግ ቤት ነው፤ የጓሮው ግድግዳ ግን ክረምት ክረምት ውሃ ይጠጣል፤ ቀለሙን አይተህ እንዳትታለል» አሉት። ሻጩ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ አዘነ፤ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ እናታችን ነዎት፤ እንዴት ዋጋ ያስቀንሱብናል?» ቢላቸው፣ «እናንተማ ልትሄዱ ነው፤ ከርሱ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ» ብለው መለሱለት። ገዢው ዋጋውን ጥቂት አስቀንሶ ቤቱን ገዛ፤ ግድግዳውንም ክረምት ሳይገባ ከመሠረቱ አስጠገነ።

እኔ በዚህ ነገር ፍርዴን የምሰጠው ለእኒህ እናት ነው። ርጥበትን በቀለም ሸፍኖ መሸጥ በሀገራችን እንደ ብልኀት ከተቆጠረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ በግንቦት የተቀባው ግድግዳ በነሐሴ እየተላጠ ሲወድቅ ግን ገዢው የሚያስበው ስለ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ስለ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው፤ «እያወቁ ዝም አሉኝ» ይላልና። ከዚህም ምሳሌው ያልተናገረውን አንድ ነገር እንማራለን፤ የቅርብ ጐረቤት ማለት ወገንተኛ ማለት አይደለም። ዘመድ ለዘመዱ ያደላል፤ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» መባሉም ስለዚህ ነው። ጐረቤት ግን የሚያደላው ለአብሮ መኖር ነው፤ አብሮ የሚኖረውም ሰው በተለወጠ ጊዜ ታማኝነቱ ከሚሄደው ወደሚመጣው ይሻገራል። ይህ ለሚሄደው ሰው መራራ ቢሆንም ክሕደት ሊባል አይገባውም።

ሰፈር ስለ መምረጥ ከሆነ፣ ከኦሪት ዘፍጥረት የሚልቅ ምስክር የለንም። የአብራምና የሎጥ እረኞች ስለ ግጦሽ በተጣሉ ጊዜ አብራም ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ለቀቀለት፤ ሎጥም ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስ ሜዳ ውሃ የጠገበ መሆኑን አየና ድንኳኑን ወደ ሰዶም አቀና፤ ስለ ውሃው አየ እንጂ ስለ ሰዎቹ ጠባይ አልጠየቀም። ከዚያም ነገሥታት መጥተው ሰዶምን በበዘበዙ ጊዜ ሎጥ ከነንብረቱ ተማረከ፤ የቅርብ ጐረቤቶቹም በዚያው መከራ ውስጥ ነበሩና ሊያድኑት አልቻሉም። በቤቱ የተወለዱትን 318 ሰዎች አስከትሎ፣ እስከ ዳን ድረስ ገሥግሦ ያስመለሰው ሩቅ ዘመዱ አብራም ነው። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምሳሌያችን ተሸንፎ እናገኘዋለን፤ ጐረቤት ራሱ በሰጠመበት ቀን ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ያስፈልጋልና። በየዘመኑ ጦርነትና ረኀብ መላውን ሰፈር አንድ አድርጎ በመታ ጊዜ፣ ሰዎች እህልና ገንዘብ ያገኙት መከራው ካልደረሰበት ሀገር ካለ ዘመዳቸው አልነበረምን?

ይኸው አብራም፣ አብርሃም ከተባለ በኋላ፣ በእርጅናው ዘመን ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ በኬብሮን በገዛ ጊዜ ያደረገውም ሊዘነጋ አይገባም። ዋጋውን 400 ሰቅል ብር ከመመዘኑ አስቀድሞ በሀገሩ ሰዎች ፊት ተነሥቶ ሰገደ፤ እንግዳና መጻተኛ መሆኑንም ተናገረ፤ ውሉም በከተማው በር በተሰበሰቡት ሁሉ ፊት ጸና። በሎጥና በአብርሃም አመራረጥ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ አንዱ ሜዳውን አየ፣ ሁለተኛው ሰዎቹን አስቀደመ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ዋና ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከነሠራዊታቸውና ከነቤተሰባቸው ሰፍረው ስለ ነበር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እንደሚባለው ሁሉ ሰፈርን በየጌታው ስም መጥራት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ጐረቤት የሆነ ሰው አስቀድሞም በአንድ ጌታ ሥር ያደረ፣ በአንድ ዘመቻ የዋለ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሀገር የመጣ ነበርና፣ ቅርበቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግን ሰውን ከሰው ያጐራበተው ዕጣ ነው። በአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር የሚተያዩ ቤተሰቦች ከየአቅጣጫው መጥተዋል፤ ከቤቶቹም ብዙዎቹ ተከራይተዋል፤ ተከራዩም ኪራይ በጨመረ ቁጥር ይለወጣል። በብሎኬት ግድግዳ በኩል የሕፃን ሳል እየሰሙ የሕፃኑን ስም ሳያውቁ ዓመት የሚያሳልፉ ሰዎች በዚያ አሉ። በክንድ የሚለካው ቅርበት ከቀድሞው ይልቅ ጨምሮ ሳለ መተሳሰቡ አነሰ፤ ስለዚህ ከላይ ያነሣሁት ጥያቄ በዚህ ተመልሷል፤ ምሳሌው የተናገረለት ቅርበት የግድግዳ ቅርበት ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ቤት የሚገዛ ሰው አዲሱን ሰፈር እንዴት ይወቀው? በቅዳሜ ረፋድ ከደላላ ጋር መጥቶ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን አይቶ የሚመለስ ሰው ስለ ሰፈሩ ምንም አላወቀም። ሠራተኛ ለታክሲ በሚሰለፍበት ማለዳ ይምጣ፤ በመሸም ጊዜ መንገዱን በእግሩ ይሂድበት፤ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ ይመልከት፤ ውሃው በፈረቃ የሚመጣ እንደ ሆነ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ባለሱቁን ይጠይቅ። ከጉሊት ሴቶችና ከጥበቃው ጋር ቆሞ ይነጋገር፤ እነርሱ በካርታ ላይ ያልተጻፈውን ሁሉ ያውቃሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እድሩ የት እንደሚሰበሰብና አዲስ ሰው እንዴት እንደሚቀበል ይጠይቅ፤ ለዚህ ጥያቄ ሦስት ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ከሰጡት፣ ወይም ጨርሶ የሚያውቅ ካልተገኘ፣ ያ ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም ማለት ነው።

ስለ እድር ጥቂት ልናገር። ቤታቸውን ሸጠው ወይም በልማት ተነሥተው ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱ ብዙ ሰዎች የቀድሞ ሰፈራቸውን እድር አልተዉም፤ በየወሩ ሁለት ታክሲ ለውጠው መዋጮአቸውን ይከፍላሉ፣ ለቀብርም ይመጣሉ። ለምን እንደሚደክሙ ሲጠየቁ፣ «እዚያ ማን ያውቀኛል? ማንስ ይቀብረኛል?» ይላሉ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ለዓመታት ባዋጡት ገንዘብ የተገዛ ስለ ሆነ ሊለቁት አይወዱም፤ አዲሱ እድር ደግሞ የራሱን ንብረት ድርሻ በመግቢያ ክፍያ ይጠይቃል፣ ክፍያውም ለጡረተኛ ቀላል አይደለም። ስሜታቸውን አከብራለሁ፤ ሐሳባቸው ግን አይጸናም። እኒህ ሰዎች ሌሊት ቢታመሙ የቀድሞው እድር ጥሩምባ የሚነፋው በነጋታው ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው በር ላይ ያለው ሰው ነበር።

ምሳሌው የሚጸናውም የሚላላውም በዚህ ላይ ይመስለኛል። ቃሉን ስንሰማ ሩቅ ዘመድና የቅርብ ጐረቤት ሁለት የተለያዩ ሰዎች እየመሰሉን እናወዳድራቸዋለን፤ ቤቱን የሸጠ ሰው ግን አንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ ያያል። ዕቃው በመኪና ተጭኖ በወጣበት ሰዓት የሃያ ዓመት ጐረቤት ሩቅ ዘመድ ይሆናል፤ ይናፈቃል፣ በዓል ሲመጣ ይጠየቃል፣ ለሠርግ ይጠራል፣ ሌሊት ግን አይደርስም። በእርሱም ቦታ የቅርብ ጐረቤት እንዲሆን የተመደበው ስሙ እንኳ ገና ያልታወቀው ሰው ነው፤ እርሱን ደግሞ ቅርብ የሚያደርገው ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ሥራ ነው። ሥራውን የመጀመር ግዴታም የመጪው ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ ነባሩ በሩን ካልከፈተ መጪው ቡና አፍልቶ ብቻውን ይጠጣል።

ስለዚህ የእድር ሰብሳቢዎችን የምለምነው የመግቢያውን ክፍያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍለው እንዲቀበሉ፣ ሰውየውንም ክፍያውን እስኪጨርስ በልቅሶ ቀን ከውጭ እንዳያቆሙት ነው። ቤታችሁን የምትሸጡ ወገኖቼም፣ ቁልፉን በምታስረክቡበት ዕለት ገዢውን እጁን ይዛችሁ ቢያንስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጐረቤቶቻችሁ ውሰዱት፤ በስሙም አስተዋውቁት፤ ክረምት የሚረጥበውን ግድግዳ ራሳችሁ ንገሩት፤ የእድሩን ሰብሳቢ ስምና የመሰብሰቢያውን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ከካርታው ጋር አብራችሁ ስጡት።