ደዌን ከትዳር ጓደኛ ስለ መሰወር

ባል የሚስቱ ደዌ ነቀርሳ መሆኑን ከሐኪም ሰምቶ፥ እንዳትደነግጥ ብሎ ቢሰውርባት ፍቅር ነውን ወይስ ስርቆት? ብዙ ሰው ፍቅር ነው ይላል፤ መርዶ እንኳ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርምና። ነገር ግን መርዶ የሞተ ሰው ነገር ነው፤ እርስዋ በሕይወት አለች። ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ጠጕርን ከማርገፉ በላይ ነጩን የደም ሕዋስ ያሳንሳል፤ በዚያ ሰሞን ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መገስገስ ይገባል። ደዌዋን ያላወቀች ግን ብርድ መታኝ ብላ ተከናንባ ትተኛለች። ባልስ ደግ ነው፤ ሾርባ ያበስላል፥ ትውከት ይጠርጋል፤ ዝም ያለው ግን እንባዋን ማየት ፈርቶ እንዳይሆን ራሱን ይመርምር። ሲነግራትም ሐኪሙ ባለበት፥ እጅዋን ይዞ ይንገራት፤ ምናልባት እርስዋ ቀድማ አውቃ፥ እርሱ እንዳይደነግጥ ስትሰውርበት ከርማ ይሆናል።