በደለኛ የሌለው ምክንያት

የሦስት ወይም የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ደረጃ መውጣት ይቸግረዋል። ከመሬት ሲነሳ ጉልበቱን፣ ከዚያም ጭኑን በእጆቹ እየተመረኮዘ ነው። ባቱ ግን ደንደን ያለ ነው፤ ቤተሰቡ ይህን አይቶ «ጠንካራ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። ዱሼን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ባቱን ያወፈረው በሞተው ጡንቻ ቦታ የገባ ስብና ጠባሳ ነው።

ልጁ ሐኪም ጋ ሳይደርስ ቤት ውስጥ ሌላ ምርመራ ይቀድማል፤ ማን ምን በደለ? በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ይህ ጥያቄ የሚነሳው በክፋት አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ መከራ ይከብዳልና፣ ወላጅ ምንም ካለማወቅ ራሱን ጥፋተኛ ማድረግ የሚቀልበት ጊዜ አለ።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይታሰባል፣ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ የነበረው ሰው። ከዳነ በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል ስለ ተነገረው ብዙዎች ሽባነትን ከኃጢአት ጋር ያያይዛሉ። የመጻጉዕ ታሪክ በተጻፈበት በዚያው በዮሐንስ ወንጌል፣ ምዕራፍ 9 ላይ ግን፣ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት ተብሎ ሲጠየቅ፣ ክርስቶስ ሁለቱንም ነጻ ያደርጋል። ለሚወረስ ሕመም የሚቀርበው ይህ ምዕራፍ ነው።

ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት፣ ኦሮሞውም የዘር ሐረጉን ቆጥሮ መጋባቱ፣ የዘረ መል ጉድለቶች ከሁለቱም ወላጆች ሲገጣጠሙ የሚመጡ ሕመሞችን ይቀንሳል። ዱሼንን ግን አያስቀርም። ዲስትሮፊን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ የዚህን ዘረ መል ጉድለት የያዘች እናት ራሷ ጤነኛ ብትሆንም እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው። ከሦስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ደግሞ ጉድለቱ አዲስ ነው፣ እናቱም አልያዘችውም።

አስጊው ነገር እዚህ ላይ ነው። «በእናት በኩል ይመጣል» የሚለው ቃል ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ቤት ሲደርስ ክስ ይሆናል፤ አማት ትሰማዋለች፣ ባል ያስብበታል፣ ትዳር ይናጋል። ትላንት በእርግማን የተወቀሰች ሴት ዛሬ በክሮሞዞም ትወቀሳለች። የትኛው ኤክስ ለልጇ እንደሚደርስ እሷ አልመረጠችም። ስለዚህ ውጤቱን የሚናገር ሐኪም አባትንም አስቀምጦ፣ ምክንያቱንና የማንም ጥፋት አለመኖሩን በአንድ ትንፋሽ ቢናገር የሕክምናው አካል ነው።

ፈውስ ከሌለው ማወቁ ምን ይረባል የሚል አለ። ይረባል። የደም ምርመራው ሲኬ የተባለውን ኢንዛይም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ያሳያል። ይህ ካልታየ፣ ከጡንቻ የወጡ ሌሎች ኢንዛይሞች የጉበት በሽታ መስለው ልጁን ለዓመታት ያንከራትታሉ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝማል፤ ልብና ሳንባውም ክትትል ያገኛሉ።

ጸበሉስ? ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ እንጦጦን ያቋርጣል፤ ወደዚያ ጸበል ልጅ ይዞ መውጣትም ያለ ነው። የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል። ፕሬድኒሶሎን ለሚወስድ ልጅ ይህ ምክር ሕይወት ነው፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

የእህቱ ነገር ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም። ጉድለቱን ይዛ እንደሆነ በልጅነቷ መመርመር ወላጆችን ያሳርፍ ይሆናል። ዕውቀቱ ግን የእሷ ነው፤ ብዙ የዘረ መል ሐኪሞችም ራሷ እስክትወስን መጠበቁን ይመርጣሉ።