እድርና የመድኃኒት ካርድ

አንድ መንግሥት ለአረጋውያን «የመድኃኒታችሁን ወጪ እሸፍንላችኋለሁ» ካለ በኋላ፣ «ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውል የሚበጅህን አንተው ምረጥ፤ ከዘገየህ እቀጣሃለሁ» ቢል፣ ይህ ስጦታ ነው ወይስ ፈተና? ጥያቄውን ያነሳሁት ለመፈላሰፍ ያህል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው 65 የሞላ ሰው የሚገጥመው ጉዳይ ነው። ከእነዚህም መካከል ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደርና ከደሴ ያመጧቸው የእኛ እናቶችና አባቶች ይገኙበታል።

እስቲ ከታሪኩ እንነሳ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንባቢ ይያዝልኝ።) ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን የጤና መድን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ሲፈርሙ፣ ሕጉ የሆስፒታልና የሐኪም ወጪን እንጂ ሰው ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ እቤቱ የሚውጠውን ኪኒን አይመለከትም ነበር። ይህን ጎዶሎ ለመሙላት በ1988 ሕግ ወጣ። ወጪውን እንዲሸከሙ የተደረጉት ግን ራሳቸው አረጋውያኑ ነበሩ፤ ገቢያቸው ሻል ያለው ደግሞ ተጨማሪ ግብር ተጣለባቸው። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። በኦገስት 1989 ቺካጎ ውስጥ የኮንግሬሱን ትልቅ ሰው፣ የዳን ሮስተንካውስኪን መኪና ከበው ጮኹባቸው። ዓመቱ ሳያልቅም ሕጉ ተሻረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሌላ መንገድ ዞረ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በዲሴምበር 2003 የፈረሙትና በጃንዋሪ 2006 ሥራ ላይ የዋለው «ፓርት ዲ» የተባለው ክፍል፣ በሕጉ ስሌት የመድኑን ወጪ ሦስት አራተኛ ገደማ በመንግሥት ላይ ጣለ። መድኑን የሚሸጡት ግን የግል ኩባንያዎች ናቸው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ወርኃዊ ክፍያ፣ የራሱ የመድኃኒት ዝርዝርና የራሱ ደንበኛ መድኃኒት ቤቶች አሉት። መንግሥት ራሱ ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ጋር በዋጋ እንዳይደራደር ሕጉ ከልክሎት ነበር። ክልከላው በከፊል የላላው በ2022 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ በድርድር የተወሰነው የመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች ዋጋ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2026 ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ስሌት ራሱ እንቆቅልሽ ነበር። በ2006 አንድ አዛውንት የመጀመሪያውን 250 ዶላር ከኪሱ ይከፍላል። ከዚያ የመድኃኒቱ ዋጋ ተደምሮ 2,250 ዶላር እስኪደርስ ሩቡን ብቻ ይከፍላል። ከ2,250 እስከ 5,100 ግን ሁሉም በእሱ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና 5 በመቶ ያህል ብቻ! መሐል ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አሜሪካኖች «የዶናት ቀዳዳ» አሉት። ዶናት የቦምቦሊኖ ዘመድ ነውና ነገሩ ለእኛም አይጠፋንም፦ ዳርና ዳሩ ሊጥ ነው፣ መሐሉ ግን አየር። ቀዳዳው በብዙ ዓመት ተደፍኖ፣ በ2025 ሰው በዓመት ለተሸፈኑ መድኃኒቶች ከኪሱ የሚያወጣው ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ በ2026 ደግሞ ጣሪያው 2,100 ሆነ። ለዚህስ ምስጋና ይገባል።

ምርጫው ግን አሁንም አለ። በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ገበያው ይከፈታል። ኩባንያዎቹ ዝርዝራቸውን ከዓመት ዓመት ስለሚለውጡ፣ አምና የሚሸፈን የነበረው የደም ብዛት መድኃኒት ዘንድሮ ላይሸፈን ይችላል። አንድ የወዳጄን እናት ቨርጂኒያ ውስጥ ወረቀቱን ላነብላቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ይኼኛው ወርኃዊ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ያኛው ደግሞ ብዙ መድኃኒት ይዟል ብዬ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ ምን እንደሚያመኝ እግዜር እንጂ እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ኩባንያውም ያለው አይመስለኝም። ዛሬ የሚውጡትን ኪኒን መቁጠር ይቻላል። መድን የሚገባው ግን ገና ላልመጣው በሽታ ነው።

የተማረው ቢሆንስ? ጄሰን አባሉክና ጆናታን ግሩበር የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አረጋውያኑ ሲመርጡ ከፊታቸው ለሚታየው ወርኃዊ ክፍያ እጅግ የበዛ ክብደት እንደሚሰጡና ኋላ ከኪሳቸው ለሚወጣው ገንዘብ እምብዛም እንደማይጨነቁ አሳይተዋል። ይህ እንግዲህ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነው ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ቅጣቱ ልምጣ፤ እኔን የሚከነክነኝ እሱ ነው። ጊዜው ሲደርስ ያልገባና ሌላ ተመጣጣኝ የመድኃኒት መድን ያልነበረው ሰው፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ወር ከአገር አቀፉ የመነሻ ክፍያ 1 በመቶ ይጨመርበታል። 5 ዓመት የቆየ ሰው በ2025 ስሌት በወር 22 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ይህም መድኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ይከተለዋል። ገቢያቸው ዝቅ ያለና ልዩ ድጎማ የሚያገኙት ብቻ ከዚህ ነፃ ናቸው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ግፍ ነው» ይላል። እኔ ግን ቶሎ አልፈርድም፤ እድር ያለው አገር ልጅ ነኝና። እድር ዘግይቶ ለመጣ ሰው የመግቢያ ያስከፍላል። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ሌሎች ለዓመታት አዋጥተው ገዝተውታል። ሰው ጤነኛ ሳለ ርቆ ቆይቶ ሐዘን ሲቀርበው ብቻ ቢመዘገብ፣ ሸክሙ ቀድመው ባዋጡት ላይ ይወድቃል። መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ጤነኛው ሽማግሌ ካላዋጣ ለታመመው የሚሆን አይገኝም። ስለዚህ «ዘግይተህ መጣህና ጨምር» ማለት በራሱ ፍትሕ አለው።

ነገር ግን እድር መግቢያውን አንዴ ተቀብሎ ሰውየውን ከነባሮቹ እኩል ያደርገዋል፤ እስከ መቃብሩ በር «ዘግይተህ ነበር» እያለ አይከተለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እድር «መጣህ ወይስ አልመጣህም?» ብሎ እንጂ «በየትኛው በሽታ ልትሞት አስበሃል?» ብሎ አይጠይቅም። (እድር ሁሉ ደግ ነው ማለቴ አይደለም፤ መዋጮ የተጠራቀመበትን ድሃ ያለ ርኅራኄ የሚያሰናብት እድርም አይቻለሁ።) የፓርት ዲ ችግር ሁለቱን ግዴታዎች አንድ ላይ መስፋቱ ነው። መግባት ለሌላው ሰው ያለብን ግዴታ ነው፤ ቅጣት ቢኖረው አይደንቅም። ከብዙ ውል መካከል መምረጥ ግን ለማን ያለብን ግዴታ ነው? የምርጫው ብዛት ያስፈራው ሰው ወደ መድኑም ሳይገባ ይቀራል። ያኔ የሚቀጣው ስግብግብ ስለሆነ ሳይሆን ግራ ስለገባው ነው።

የምርጫው ደጋፊዎች የሚሉትም ባዶ አይደለም። ውድድሩ ዋጋ አስተካክሏል ይላሉ፤ የፓርት ዲ ወጪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተገመተው በታች መሆኑም እውነት ነው። መምረጥ ክብር ነውም ይላሉ። ክብርስ ነው፤ መምረጥ ለሚችልና ለሚፈልግ ሰው።

የሚገርመው ግን፣ መንግሥቱ ራሱ መምረጥ ሁሉን የሚያስማማ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ሜዲኬርንም የድሆችን መድን፣ ሜዲኬይድንም የያዙ አረጋውያን ሳይመርጡ ከቀሩ፣ ወርኃዊ ክፍያቸው ዝቅ ካሉት ውሎች ወደ አንዱ በዕጣ ይመደባሉ። በዕጣ! ዕጣው ሰውዬው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አይመለከትም። ለስኳር በሽተኛውም ለልብ በሽተኛውም የሚወጣው ከአንድ ቆብ ነው። ሜይን የተባለችው ግዛት ግን ገና በ2006፣ ዕጣው የመደባቸውን ድሆች የሚወስዱትን መድኃኒት ከየውሉ ዝርዝር ጋር አስተያይታ ወደሚስማማቸው ውል አዛወረች። ያን ዓይነቱን ምደባ ለሁሉም አረጋዊ አድርጎ፣ አልወደውም ያለ ብቻ ራሱ እንዲለውጥ መፍቀድ ይቻላል። የሚያስፈልገው ወረቀትም ከመድኃኒት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል።